በጸሎት ጊዜ ልብን ስለ መሰብሰብ

ሰው እጁን «ቁም» ቢለው ይቆማል፤ እግሩንም «ሂድ» ቢለው ይሄዳል፤ ልቡን ግን ቁም ሲለው የሚሄድ፣ ሂድ ሲለው የሚቆም ሆኖ ያገኘዋል። ይህ የልብ አለመታዘዝ በሥራም በትምህርትም ጊዜ ይታያል፤ ዳሩ ግን ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታወቀው ሰው ለብቻው ለጸሎት በቆመ ጊዜ ነው። ከሰው ጋር ስንነጋገር የሰሚው ፊት ይጠብቀናል፤ ነገር ብንስት «ምን አልህ?» ብሎ ይመልሰናል። እግዚአብሔር ግን በዓይን የማይታይ ሰሚ ስለ ሆነ፣ አፋችን የለመደውን መንገድ ይዞ ሲሄድ ልባችን ሹልክ ብሎ ወደ ገበያው፣ ወደ ዕዳው፣ ወደ ጠቡ፣ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። ጸሎቱም ባለቀ ጊዜ መጀመራችንን እንጂ አካሄዳችንን አናስታውስም።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የሰፈሬ ወጣት ነው። እኔ የምኖረው በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ጥቂት ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ነው። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ እናቱ ታመው አልጋ ከያዙ ወራት አልፈዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከጐኔ እየሄደ «ጋሼ፣ እኔ እንኳ ጸሎት ትቻለሁ» አለኝ። «ምነው?» ብለው፣ «ለእናቴ ልጸልይ እቆማለሁ፤ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ልቤ ስለ ኳስ ያስባል፤ ስለ ፈተና ያስባል። አንድ ማታ እንዲያውም "ማርልኝ" እያልሁ ስለ ጫማ ሳስብ ራሴን አገኘሁት። እናቱ ታማበት ስለ ጫማ የሚያስብ ምን ዓይነት ልጅ ነው? በእግዚአብሔር ላይ ከመቀለድ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ተውሁት» ሲል መለሰልኝ።

መንገዱ አጭር ስለ ነበረ በዚያ ጊዜ ብዙ አልተነጋገርንም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እየተገናኘን ብዙ ተጫወትን። በዚህ አሳብ የሚጨነቁ ወጣቶች አያሌ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ የተነጋገርነውን በዚህ ጽሕፈት ላሰፍረው ወደድሁ።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ የአሳብ መባከን የሰው ተፈጥሮ እንጂ የእምነት ማጣት ምልክት አለመሆኑ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በቀን ውስጥ ባላሰቡት ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ፣ አሁን ምን እንደሚሠሩና ልባቸው በሥራው ላይ መሆን አለመሆኑን መዘገቡ። ሰዎቹ ከተጠየቁባቸው ጊዜያት በ46.9 ከመቶው ልባቸው ከያዙት ነገር ላይ አልነበረም። እንግዲህ ሰው ሲበላ፣ ሲሠራ፣ ሲያነብ፣ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ለጸሎት በቆመባት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይኸው ልብ ድንገት እንደ ዐለት ጸንቶ እንዲቆምለት መጠበቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈነጭ የዋለ ጥጃ ማታ በአንድ ቃል ከበረት እንዲገባ እንደ መጠበቅ ያለ ነው።

ይህን ነገር አባቶች ያለ ቍጥርና ያለ መሣሪያ ቀድመው ያውቁት ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማር ይስሐቅ፣ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ ከ5 ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና የሄደ ሰው ነው። ትምህርቱም ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ በአገራችን መጽሐፈ መነኮሳት ከሚባሉት ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። ዕድሜውን ሁሉ በጸሎት የፈጀው ይህ አባት፣ አሳብ ፈጽሞ የማይገባበት ንጹሕ ጸሎት የሚጸልይ ሰው ከብዙ ሺህ መካከል አንድ እንኳ ለማግኘት እንደሚያስቸግር አስተምሯል። ማር ይስሐቅ እንዲህ ካለ፣ ከፈተና ወረቀትና ከታማሚ እናት መካከል ተነሥቶ የሚጸልይ የሃያ ዓመት ልጅ አሳቡ ስለ ሸሸበት ብቻ ራሱን ከአማኞች ቍጥር የሚያወጣው ስለ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ነገር፣ ልቡ የሚባክንበት ሰው ግብዝ አለመሆኑ ነው። ግብዝ የሚባለው ሰው እንዲያየው የሚጸልይ፣ ታይቶ ሲመሰገንም የሚጠግብ ነው። ልቡ ስለ ሸሸበት የሚያዝን ሰው ግን ማዘኑ ብቻ፣ ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ በእውነት መፈለጉን ይመሰክርለታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወደ ቤተ መቅደስ የወጡትን ሁለቱን ሰዎች አስቡ። ፈሪሳዊው በጸሎቱ ላይ ልቡ ባከነ አልተባለም፤ ጾሙን ሳይሳሳት ቈጠረ፤ አሥራቱንም ሳይረሳ አስታወሰ። ልቡ በሚገባ ተሰብስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተሰበሰበው በራሱ ላይ ነበር። ቀራጩ ደግሞ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አልደፈረም፤ የተናገረውም ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ ልብን መሰብሰብ ለብቻው በጎነት አይደለም፤ በጎነቱ የሚታወቀው ወደ ማን እንደ ተሰበሰበ ሲታይ ነው።

ወጣቶችን ከሚያስፈራቸው ነገር አንዱ የቅዱሳን ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በያሬድ እግር ላይ ተክለው ተደግፈውበት ሳለ፣ ደሙ እስኪፈስስ ድረስ ወጊውም ተወጊውም እንዳላወቁ ይነገራል፤ ይህም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ተሥሎ ይታያል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በአንድ እግራቸው 7 ዓመት ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ «የእነርሱ ጸሎት ይህ ከሆነ የእኔ ምንድን ነው?» ይልና መቁጠሪያውን ያስቀምጣል። ዳሩ ግን ይህ ተመስጦ የሚባለው ነገር ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ስጦታ እንጂ ሰው እንደ ደመወዝ ጠብቆ የሚቀበለው አይደለም። ያሬድም ቢሆን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ትምህርት አልገባ ብሎት ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ያረፈ ልጅ ነበረ፤ ያን ጊዜ ትሉ ዛፉን ሊወጣ ብዙ ጊዜ እየወደቀ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ ይባላል። እኛ የጦሩን ታሪክ አጥብቀን ይዘን የትሉን ታሪክ ልንረሳው አይገባንም፤ ለጀማሪ የሚጠቅመው የትሉ ነውና።

ሦስተኛው ነገር የቦታ ነገር ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚጸልይ ሰው ወደ እልፍኙ ገብቶ ደጁን እንዲዘጋ አዝዟል። በጉለሌ ግን በአንድ ክፍል ቤት አምስትና ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ደጁ ቢዘጋም የጐረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው ያልፋል፤ ማለዳ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከመንገድ ይሰማል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ወጥ ያራል። «እልፍኝ የሌለው ሰው የት ይግባ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰፈራችን እናቶች ነው። በቤቱ ውስጥ ሁሉ እየተንጫጫ፣ እናት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትከናነብና ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያች ነጠላ እልፍኟ ናት፤ መከናነቧም ደጇን መዝጋቷ ነው። እንግዲህ ድሀ ቤት የሚኖር ሁሉ እልፍኝ የለኝም አይበል።

ነጠላ ዓይንን ይጋርዳል፤ አሳብን ግን አያግድም። ስለ አሳብ ደግሞ ያስተማረኝ ያንኑ ነጠላ የሚሠራው ሰው ነው። በጉለሌ ከጋሞ ደጋ መጥተው የሰፈሩ ሸማኔዎች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በሽሮ ሜዳ ገበያ ተሰቅሎ የሚታየው ጥበብና ጋቢ አብዛኛው የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጐረቤት አሉኝ፤ «አባባ» እያልን እንጠራቸዋለን። እግራቸውን ከጕድጓዱ አግብተው፣ ድሩን ከፊታቸው ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልኩ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ክሩ ይበጠሳል። ሲበጠስ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ጫፍና ጫፉን ፈልገው ያገናኛሉ፤ ቋጥረውም ይቀጥላሉ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ይበጠሳል፤ ያንንም ይቋጥራሉ። አይራገሙም፤ አይተክዙም፤ ፊታቸውም አይለወጥም። አንድ ቀን «አባባ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበጠሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማን ቈጥሮት ልጄ!» አሉኝ እየሣቁ፤ «እኔ የምቈጥረው ክንዱን ነው። የተበጠሰውን ሲቈጥር የሚውል ሸማ አያወጣም።»

ይህን ነገር ለወጣቱ በነገርሁት ጊዜ ብዙ አሰበበት። በእውነትም ሸማኔ የሚባለው ክሩ የማይበጠስበት ሰው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሸማኔ ከቶ የለም። ሸማኔ የሚባለው የተበጠሰውን ቋጥሮ የሚቀጥል ሰው ነው። ጸሎተኛም እንዲሁ ነው። ልቡ የማይሄድበት ሰው ሳይሆን፣ መሄዱን ባወቀ ጊዜ ሳይራገም የሚመልሰው ሰው ነው። ብዙ ወጣቶች ግን ልባቸው ሲሄድ ሁለት ጥፋት ይደርስባቸዋል፤ አንደኛው አሳቡ የወሰደው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «እኔ የማልረባ ነኝ» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ የሚያጠፉት ጊዜ ነው። ሁለተኛውም ከፊተኛው ይረዝማል፤ በዚያም ጊዜ ቢሆን ልባቸው በራሳቸው ላይ ነው እንጂ በእግዚአብሔር ላይ አይደለም።

እንግዲህ አሳብ በመጣ ጊዜ ምን ይደረግ? በቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ምሳሌ እናገኛለን። አንደኛው የአባታችን የአብርሃም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብርሃም መሥዋዕቱን ካዘጋጀ በኋላ አሞሮች በሥጋው ላይ ወረዱ፤ እርሱም እየተነሣ ያባርራቸው ነበር። አሞራ መጣ ብሎ መሥዋዕቱን አልተወም፤ አሞሮቹንም ለመግደል ሜዳ ለሜዳ አልሮጠም፤ ከመሥዋዕቱ አጠገብ ሳይለቅ አባረራቸው እንጂ። ስለ ኳስ፣ ስለ ወሬ፣ ስለ ሰው አለባበስ የሚመጣ አሳብ እንዲህ ያለ አሞራ ነው። አትከራከረው፤ አትከተለው፤ እሽ በለውና ወደ ቃልህ ተመለስ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሐና ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ልጅ አጥታ የምታዝነው ሐና በቤተ መቅደስ ቆማ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ሐና ልቧን ለመሰብሰብ ጥረት አላስፈለጋትም፤ ኀዘኗ ራሱ ሰብስቦላት ነበርና። አሳቧን ከጸሎቷ ላይ አላባረረችም፤ አሳቧን ጸሎቷ አደረገችው። ከዚህ የምንማረው፣ በጸሎት መካከል የሚመጣ አሳብ ሁሉ አሞራ አለመሆኑን ነው። አንዳንዱ ደጅ ቆሞ አስገቡኝ የሚል የራሳችን ችግር ነው። የፈተና ፍርሃት ከመጣ እርሱን ለእግዚአብሔር መንገር ነው፤ የዕዳ ጭንቀት ከመጣ እርሱን መንገር ነው፤ ያስቀየምነው ሰው ፊት ከመጣም ስለ እርሱ መለመን፣ ነገ ሄዶም መታረቅ ነው።

ለወጣቱ ይህን ስነግረው «እሺ፣ ፈተናውስ ይሁን፤ ጫማው ግን ምኑ ጸሎት ይሆናል?» አለኝ። እኔም «ለመሆኑ ስለ ምን ዓይነት ጫማ ነበር የምታስበው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶም «በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጫማ የምትገዛልኝ እናቴ ነበረች። ዘንድሮ አልገዛችልኝም፤ አልጋ ላይ ነበረች» አለና ፊቱን አዞረ። ሁለታችንም ብዙ ሳንነጋገር ትንሽ መንገድ ሄድን። ያ በራሱ ላይ የፈረደበት አሳብ ከእናቱ የራቀ አልነበረም፤ ቃል ያላገኘ የልጅ ልመና ነበረ። በዚያ ሰሞን ጸሎቱን እንደ ገና ጀመረ፤ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ በአጭሩ ይጸልያል። እናቱ ገና አልዳኑም፤ ልቡም ገና ይባክናል። ነገር ግን ልቡ ስለ ባከነ ጸሎቱን አይተውም።

ከዚህ በኋላ ለሥራ የሚረዳ ጥቂት ምክር ልጨምር።

1ኛ፣ የምትጸልየውን ቃል እወቀው። ብዙዎቻችን ውዳሴ ማርያሙንና የዘወትሩን ጸሎት በግዕዝ በቃላችን ይዘነዋል፤ ትርጓሜውን ግን አልጠየቅንም። ትርጕሙን የማያውቅ ልብ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይሄዳል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፣ በሳምንት አንድ ቃል እንኳ ብትሆን ከመምህር ጠይቀህ ተረዳት።

2ኛ፣ ሰውነትህን ለጸሎቱ ረዳት አድርገው። ቤተ ክርስቲያናችን ቆመን፣ ወደ ምሥራቅ ዞረን፣ እያማተብን እየሰገድን እንድንጸልይ ማድረጓ ያለ ምክንያት አይደለም። ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ሲባል ጣት በመቁጠሪያው ላይ የሚሄደው፣ ልብ ሲሸሽ ጣት እንዲያስታውሰው ነው። ግን ቍጥሩን ለመጨረስ ብቻ የምትሮጥ ከሆነ ረዳቱን ጌታ አደረግኸው ማለት ነው።

3ኛ፣ ጥቂቱን አዘውትረህ ጸልይ። አባቶች ውዳሴ ማርያምን በሰባቱ ቀናት፣ ጸሎትንም በቀን በሰባት ጊዜያት የከፋፈሉት፣ የሰው ልብ ረጅሙን ሸክም በአንድ ጊዜ እንደማይሸከም ስላወቁ ነው። ሰዓት ወስነህ በየቀኑ የምትጸልያት አሥር ደቂቃ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በስሜት ከምትቆማት ሌሊት ይልቅ ልብህን ታሠለጥነዋለች።

4ኛ፣ ስልክህን አርቀው። ዛሬ የጸሎት መጽሐፍ በስልክ ውስጥ መገኘቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዳዊት በምትደግምበት ገጽ ላይ የወዳጅህ መልእክት ብቅ ሲል፣ አሞራውን ራስህ ከመሥዋዕቱ ላይ አስቀመጥኸው ማለት ነው። ብትችል በወረቀት የታተመውን ያዝ፤ ባትችል መልእክት እንዳይገባ ዘግተህ ጸልይ።

5ኛ፣ ከጸሎት በፊት ጥቂት ዝም በል። ከመንገድ ሮጦ የገባ ሰው ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ መናገር አይችልም፤ ልብም እንዲሁ ነው። በማን ፊት እንደምትቆም አንድ አፍታ አስብ፤ ከዚያ በኋላ አፍህን ክፈት።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ አድርገህም ልብህ ይሄዳል። በሄደ ጊዜ አትደንግጥ፤ ተስፋም አትቍረጥ። ጌታችን በጌቴ ሴማኒ ሲጸልይ ሦስቱ የቅርብ ደቀ መዛሙርቱ አንዲት ሰዓት አብረውት መትጋት አቅቷቸው ተኝተው አገኛቸው። ቀሰቀሳቸው፤ ድካማቸውንም ዐወቀላቸው እንጂ ከደቀ መዝሙርነት አላወጣቸውም፤ በኋላም ወንጌሉን የሰጠው ለእነዚያው ለተኙት ነው። አንተም ልብህ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሰው፤ ያን ቀን ከጸሎትህ ጊዜ የሚበልጠውን ልብህን በመመለስ ብቻ ብታሳልፈው እንኳ፣ ያ ቀን የጸሎት ቀን ነበረ። ልብ መሄዱ ከአዳም የወረስነው ድካም ነው፤ ሰው እየተነሣ መመለሱ ግን የሚወደው እንዳለ ያሳያል።

እግዚአብሔር የተበተነውን ልባችንን ይሰብስብልን።